ቅዱሳንን ማክበርና ወደ ቅድስና መትጋት፦ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በስሜን ታሪክ ውስጥ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በካቶሊክ ሕይወት ውስጥ ቅዱሳንን ማክበርና ወደ ቅድስና መትጋት ነው። ርእሱ ሰፊ ስለ ሆነ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ላተኩር ወድጃለሁ፤ እኒህም መነኩሴውና ሊቁ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። የተወለዱት በጎጃም፣ ያረፉት በወሎ ነው። ይሁን እንጂ ዕጣ ፈንታቸውን ከወሰኑት ነገሮች ሁለቱ የስሜን ታሪክ ክፍሎች ናቸው። አንደኛው፣ በ1841 ወደ ግብጽ ከሄደው መልእክተኛ ጋር የላኳቸው የስሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ በ1855 በደረስጌ የተደረገው ጦርነትና በደረስጌ ማርያም የተፈጸመው የዐፄ ቴዎድሮስ ሥርዓተ ንግሥ ነው። ስለዚህ የእኒህን ሰው ነገር ለደባርቅና ለዳባት፣ ለድብ ባሕርና ለጃን አሞራ ሰው መናገር የሩቅ አገር ወሬ ማምጣት አይሆንም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ላስረዳው የምሻው አሳብ ይህ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አንድን ሰው ብፁዕ ወይም ቅዱስ ብላ ስታከብር ሕይወቱን ከነምንጩ ትቀበላለች። አባ ገብረ ሚካኤል ከኖሩት 64 ዓመት ውስጥ በካቶሊክ እምነት የቆዩት 11 ዓመት ያህል ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዘመናቸው ሁሉ ያለፈው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቤቶችና ገዳማት ነው። ጸሎትን፣ ጾምን፣ ቅኔን፣ የመጻሕፍትን ትርጓሜ፣ እውነትን የመመርመር ትጋትን የተማሩት በዚያ ነው። እንግዲህ እርሳቸውን የሚያከብር ሰው ያሳደጋቸውን ትምህርት ቤት ማክበሩ የግድ ነው። ይህ ከታመነ፣ የሰማዕትነታቸው መታሰቢያ በጎረቤት ላይ የሚነበብ የክስ መዝገብ ሊሆን አይገባም። የንግግሬ ቀሪው ክፍል ይህን ከታሪኩ ለማሳየት የሚደረግ ሙከራ ነው።

አስቀድሞ ስለ ማክበር ትርጉም ጥቂት ልበል። በ787 የተሰበሰበው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባውን አምልኮት ለቅዱሳንና ለሥዕላቸው ከሚሰጠው አክብሮት ለይቶ ደንግጓል። የካቶሊክ ትምህርት እስከ ዛሬ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ይህ መለያየት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ የእኛም ሊቃውንት የአምልኮት ስግደትንና የአክብሮት ስግደትን ለይተው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ገድል፣ ተአምር፣ መልክዕና ስንክሳር የሚያውቅ ሕዝብ የቅዱሳን መታሰቢያ ምን እንደ ሆነ የሚነግረው አያሻውም። በዚህ በስሜን አካባቢ ደግሞ ነገሩ ከምድሩ ጋር የተሳሰረ ነው። ትውፊት የቅዱስ ያሬድን የመጨረሻ የብሕትውና ዘመን ከስሜን ተራሮች ጋር ያያይዘዋል፤ ከተራራው ግርጌ ያለው የዋልድባ ገዳምም የአቡነ ሳሙኤልን ስም ይዞ ይኖራል። የግዕዝን ሥርዓት የሚከተሉ የኢትዮጵያ ካቶሊካውያንም እንደ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንና እንደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ያሉትን ጥንታውያን ቅዱሳን በጸሎታቸው ያስባሉ።

የካቶሊክ አሠራር የሚለይበት ነገር ቢኖር ክብሩ ከመታወጁ በፊት የሚደረገው ምርመራ ነው። በጥንት ዘመን የአንድን ሰው ቅድስና የሚመሰክረው በመቃብሩ ዙሪያ የሚሰበሰበው ሕዝብና የአገሩ ጳጳስ ነበር። በሂደት ሥልጣኑ ወደ ሮም ተሰበሰበ። በ1588 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 5ኛ ይህን ጉዳይ የሚመለከት አንድ ጉባኤ አቋቋሙ። ኡርባኖስ 8ኛ ደግሞ በ17ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ሳትፈርድ ለማንም ሕዝባዊ የቅዱስ ክብር እንዳይሰጥ ከለከሉ። ምስክሮች በመሐላ ይጠየቃሉ፣ ደብዳቤዎችና ጽሑፎች ይሰበሰባሉ፣ ከ1983 በፊት የሚቃወሙ ነጥቦችን የሚያቀርብ ባለሥልጣንም ይሰየም ነበር፤ ሕዝቡ ይህን ሰው የዲያብሎስ ጠበቃ ይለው ነበር። በ1983 ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ሥርዓቱን ሲያሻሽሉ የታሪክ ጥናትን ድርሻ አስፍተዋል። የታሪክ ተማሪ ይህን አሠራር ሲመለከት የራሱን ሙያ ያይበታል። ምስክሩ ማን ነው፣ መቼ ጻፈው፣ ምን ጥቅም ነበረው ብሎ መጠየቅ በዚያም በዚህም አንድ ነው።

ወደ አገራችን ታሪክ ስንመለስ መጀመሪያ የምናገኘው አንድ መንገድ ነው። ከምጽዋ ተነሥቶ በዐድዋ በኩል ተከዜን የሚሻገረው ነባሩ የነጋዴ መንገድ፣ ከቆላው ወደ ድብ ባሕር ደርሶ የሊማሊሞን ገደል ይወጣና በደባርቅና በዳባት፣ በወገራ አልፎ ጎንደር ይገባል። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ የመኪና መንገድ ከመቁረጣቸው በፊት ይህ ዳገት የሰውና የከብት ጉልበት የሚፈተንበት ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 መጀመሪያ ወደ ጎንደር ሲሄድ ሊማሊሞን ወጥቶ በመጽሐፉ ገልጾታል። ጨውና ጨርቅ፣ መልእክተኛና ተሳላሚ፣ ጦርና ጳጳስ ያለፈበት ይህ አቅጣጫ የሃይማኖት ክርክርም መተላለፊያ ነበር።

ይህ ክርክር በ19ኛው መቶ ዓመት ሲነሣ ያረጀ ቁስል ነበረበት። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ፤ በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝም ሕዝቡ ሥርዓቱን፣ በዓላቱንና ጾሙን እንዲለውጥ ግድ አሉ። ካህናት እንደገና እንዲካኑ፣ ምእመናን እንደገና እንዲጠመቁ ተደረገ። ከዚህ የተነሣ ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ። በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዐወጁ፣ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ ነገሡ፣ በኋላም የኢየሱሳውያን ካህናት ከአገር ወጡ። ይህን ምዕራፍ ሳያነሡ ስለ ካቶሊክ ሰማዕታት መናገር ግማሹን ታሪክ መናገር ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ነገሥታትና ሊቃውንት ከባሕር ማዶ የሚመጣን ካህን በፍርሃት የሚያዩት በገዛ አገራቸው ከደረሰው መከራ ተምረው ነበር።

ፍርሃቱ ግን ንጹሓንንም በላ። በ1638 አጋታንጀሎና ካሲያን የሚባሉ ሁለት የካፑቺን መነኮሳት ታስረው ወደ ጎንደር ከመጡ በኋላ ተሰቅለው ተገደሉ። በ1716 ደግሞ ሊበራቶ ቫይስ የተባሉ ፍራንቸስካዊ ካህንና ሁለት ጓደኞቻቸው በጎንደር በድንጋይ ተወግረው ሞቱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ሦስቱ በ1988 ብፁዓን ተብለዋል። እኒህ አምስቱ ከውጭ የመጡ ነበሩ፤ የአባ ገብረ ሚካኤል ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። እርሳቸው የአገሩ ልጅ፣ የአገሩ መምህር ናቸው። እርሳቸውን የሚመለከተው ክርክር በባዕድና በአገር ሰው መካከል የተደረገ ሊባል አይችልም።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 በጎጃም በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ ዲቦ በሚባል ስፍራ ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፋ። ለእርሻ ያልተመቸ ልጅ ወደ ትምህርት መላኩ በአገራችን የተለመደ ነው፤ እርሳቸውም በመርጡለ ማርያም ገብተው ተማሩ፣ በዚያም መነኰሱ። በትምህርታቸው ቅኔን፣ የመጻሕፍትን ትርጓሜና ባሕረ ሐሳብን የተካኑ ሊቅ ሆነው ወጡ። ከመነኰሱ በኋላ ያደረጉት ነገር የሕይወታቸው ቁልፍ ይመስለኛል። የምንኵስና ሥርዓት በዘመናቸው መላላቱ አሳስቧቸው፣ መንሥኤውን ለማወቅ ከገዳም ወደ ገዳም እየዞሩ የሥርዓት መጻሕፍትን ፈለጉ። የቀድሞ አባቶች እንዴት እንደ ኖሩ ከጽሑፍ መርምረው የራሳቸውንና የወንድሞቻቸውን ኑሮ በዚያ ሊያቀኑ ነበር አሳባቸው። ይህ ፍለጋ ወደ ጎንደር አደረሳቸው፤ በዚያም ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተምሩ ጀመር።

ያ ዘመን ዘመነ መሳፍንት ነበር። መሳፍንቱ በጦር እንደ ተከፋፈሉ ሊቃውንቱም በነገረ ክርስቶስ ተከፋፍለው ነበር። ካራ የሚባሉት የተዋሕዶ ወገኖች፣ ቅባቶች፣ ሦስት ልደት የሚሉት ጸጎች እያንዳንዳቸው ደጋፊ መስፍንና ደጋፊ ገዳም ነበራቸው። ክርክሩ ስለ መለኮትና ስለ ትስብእት ተዋሕዶ፣ ስለ መንፈስ ቅዱስ ቅባትም ነበር፤ ነገር ግን የአንዱ ወገን ማሸነፍ የሌላው ወገን ርስትና ሹመት ማጣት ሊሆን ስለሚችል ከነገረ መለኮት አልፎ የኑሮ ጉዳይ ሆነ። አባ ገብረ ሚካኤል በዚህ መካከል የሚያሳርፍ መልስ ሲፈልጉ ኖሩ።

የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ በዚህ ጊዜ ታሪኩ ውስጥ ይገባሉ። ውቤ ከስሜን ተነሥተው ትግራይን የያዙ፣ በደረስጌም ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ኃያል ገዥ ነበሩ። አገሪቱ ለዓመታት ያለ ጳጳስ ስለ ቆየች ከእስክንድርያ መንበር ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ካይሮ መልእክተኛ ላኩ። ጳጳስ ማስመጣት የሃይማኖት ብቻ ጉዳይ አልነበረም፤ ሥርዓተ ንግሥ የሚፈጽም፣ በውግዘቱም ጠላትን የሚያዳክም አባት በእጁ ያለ መስፍን በሌሎች ላይ ይበረታል። በዚያ ጓድ ውስጥ ሁለት ሰዎች አብረው ተጓዙ። አንዱ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው፤ ሌላው በ1839 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ኢጣሊያዊው የላዛሪስት ካህን ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ናቸው። ውቤ ካቶሊካዊውን ካህን ከመልእክተኞቹ ጋር እንዲሄዱ ለመኗቸው፤ እርሳቸውም ጓዱን ወደ ሮም የመውሰድ ተስፋ ይዘው እሺ አሉ። ካይሮ ላይ እንድርያስ የተባለ ወጣት መነኩሴ ተመርጦ አቡነ ሰላማ ተባለ። ከፊሉ ጓድ ወደ ሮም ሄዶ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረበ፤ ሲመለስም ኢየሩሳሌምን ተሳለመ።

ስለዚህ የኋላው ታሪክ ዋና ሰዎች፣ ማለትም አቡነ ሰላማ፣ አቡነ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል፣ የተገናኙት አንድ የስሜን ገዥ በሰደደው መልእክት ምክንያት ነው። አቡነ ያዕቆብ የምላቸው ኢትዮጵያውያን ለደ ያዕቆቢስ ያወጡላቸው ስም ስለ ሆነ ነው።

የደ ያዕቆቢስ አኗኗር ከ17ኛው መቶ ዓመት የተለየ ነበር። የአገሩን ልብስ ለበሱ፣ የአገሩን ቋንቋ ተማሩ፣ የአገሩን ጾም ጾሙ፣ የግዕዝን ሥርዓት ጠብቀው ካህናትን ከአገሩ ልጆች መካከል አዘጋጁ። በአጋሜ በጓላ የካህናት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ቅድስና ለመስበክ ከሚያስፈልግ ንግግር ይልቅ አብሮ በመኖር የሚታይ ነገር መሆኑን የተረዱ ይመስላል። አባ ገብረ ሚካኤል በጉዞው ብዙ ቀን የተመለከቱት ይህን ሰው ነው። ሆኖም ወዲያው አልተከተሏቸውም፤ ከጉዞው ተመልሰው ሲመረምሩና ሲጠይቁ ቆይተው በ1844 በዐድዋ የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ። ያን ጊዜ 53 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከዚያ በኋላ በጓላ አስተማሩ፣ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የሚሆን የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በማዘጋጀትም ደ ያዕቆቢስን ረዱ፤ በ1851 ከእጃቸው ቅስና ተቀበሉ። በ60 ዓመታቸው ቅስና የተቀበሉት እኒህ ሊቅ ዕድሜያቸውን ሁሉ ለመማር የሰጡ ሰው ነበሩ።

በ1854 የቋራው ካሳ ኃይሉ የጎንደርን አገር ከእጃቸው አስገብተው ነበር። አገሪቱን አንድ ለማድረግ የተነሡት ካሳ የሊቃውንቱ መከፋፈል የመንግሥት መከፋፈል አንድ ምክንያት ሆኖ ታያቸው። ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማምተው በአምባ ጫራ በተደረገው ጉባኤ የካራ ተዋሕዶ ብቻ የአገሪቱ እምነት እንዲሆን ተወሰነ። በዚህ ውሳኔ ሌሎቹ የኦርቶዶክስ ወገኖችም ተጨንቀዋል፤ ካቶሊካውያን ግን ከሁሉ በፊት ተመቱ። በዚያው ዓመት ደ ያዕቆቢስ በጎንደር ተይዘው ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። አባ ገብረ ሚካኤልና አራት ጓደኞቻቸው ግን የአገሩ ሰዎች ስለ ነበሩ እምነታቸውን እንዲክዱ በእስርና በግርፋት ተገደዱ።

ቀጣዩ ጉዳይ የስሜን ነው። በየካቲት 1855 ካሳ ከደጃዝማች ውቤ ጋር በደረስጌ ተዋግተው ድል ነሡ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ቀብተው ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ለስሜን ይህ የአንድ ገዥ ቤት ውድቀት ነው፤ ለኢትዮጵያ የዘመነ መሳፍንት ማብቂያ ምልክት ነው፤ በእስር ላሉት መነኩሴ ደግሞ ተስፋ የሚያስቆርጥ ዜና ነው። ጳጳሱን ያስመጡት ውቤ ታሰሩ፤ የመጡት ጳጳስ ለአሸናፊው ዘውድ ጫኑ፤ ጳጳሱን ሊያመጡ አብረው ተጉዘው የነበሩት ሊቅም በጳጳሱ ዘመን ታሳሪ ሆኑ።

ንጉሡ ወደ ወሎ ሲዘምቱ አባ ገብረ ሚካኤል በሰንሰለት ታስረው ከጦሩ ጋር ተወሰዱ። በዚያ ዓመት በግንቦት መጨረሻ በንጉሡ ፊት ቀርበው ሞት ተፈረደባቸው፤ የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለ ለመኑላቸው ግን ፍርዱ ወደ ዘለቄታ እስራት ተለወጠ። በካቶሊክ ጸሐፊዎች ዘንድ እንደሚተረከው፣ ያ ሁሉ ግርፋት ሳይገድላቸው ሲቀር ወታደሮቹ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ይጠሯቸው ጀመር። ይህ ትረካ ልብ ሊባል ይገባዋል። ጠባቂዎቹ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጆች ናቸው፤ የታሳሪውን ትዕግሥት ለመግለጽ ቃል ሲፈልጉ ያገኙት ቃል በልጅነታቸው ከስንክሳር የሰሙትን የሰማዕት ስም ነው። ሮም ከመፍረዷ ከ70 ዓመት በፊት የጠባቂዎቹ አንደበት የራሱን ምስክርነት ሰጥቷል። አባ ገብረ ሚካኤል በነሐሴ ወር መጨረሻ 1855 በወሎ ምድር ሳሉ በሕመምና በድካም አረፉ። ደ ያዕቆቢስም በ1860 በጉዞ ላይ ሳሉ በአሊገዴ ሸለቆ አረፉ፤ ዐፅማቸው በኤርትራ በሄቦ ይገኛል።

ከሕይወታቸው በኋላ የመታሰቢያው ሥራ ተጀመረ። ደ ያዕቆቢስና ሌሎች ያዩትንና የሰሙትን ጻፉ፤ የደ ያዕቆቢስ ደቀ መዝሙር የነበሩት የዐድዋው አባ ተክለ ሃይማኖትም ትዝታቸውን ጽፈው አቆዩ። የላዛሪስቱ ካህን ዣን ባፕቲስት ኩልቦ የአባ ገብረ ሚካኤልን ታሪክ በፈረንሳይኛ አሳተሙ። ምርመራው ተፈጽሞ በ1926 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ አባ ገብረ ሚካኤልን ብፁዕ ብለው ዐወጁ። ደ ያዕቆቢስ ደግሞ በ1939 ብፁዕ፣ በ1975 በጳውሎስ 6ኛ ቅዱስ ተባሉ። መምህሩ ቅዱስ፣ ደቀ መዝሙሩ ብፁዕ ተብለው ይጠራሉ፤ በዕድሜ ግን ደቀ መዝሙሩ ይበልጣሉ፣ በግዕዝ ትምህርትም መምህሩ ከደቀ መዝሙሩ ተምረዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። በዚህ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ የአንድነት አባት ናቸው፤ ስማቸው በዘፈን፣ በቀረርቶና በልጆች ስም ይኖራል። ታዲያ በእርሳቸው እስር ውስጥ የሞተን ሰው ብፁዕ ብሎ ማክበር ንጉሡን መክሰስ አይሆንምን? የሚል ሰው ቢነሣ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ይህ ነው። ሰማዕት ማለት ምስክር ማለት ነው፤ ሰማዕቱን ማክበር የምስክሩን ቃል መስማት እንጂ በገዳዩ ነፍስ ላይ መፍረድ አይደለም። በካቶሊክ ምርመራም የሚጠየቀው ሰውየው ስለ እምነቱ ሞትን ታግሦ ተቀብሏልን የሚለው ነው፤ የንጉሡ መንግሥት ጥቅምና ጉዳት በዚያ ሸንጎ አይመዘንም። ዐፄ ቴዎድሮስ የተበታተነ አገር ለመሰብሰብ ያላቸው ራእይ እውነተኛ ነበር። የሕሊናን አንድነት በጅራፍ ለማምጣት መሞከራቸውም እውነት ነው። የታሪክ ተማሪ ሁለቱን በአንድ እጁ መያዝ አለበት፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን የሚጥል መታሰቢያ ለንጉሡም ለመነኩሴውም አይጠቅምም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከሌላው ወገን ይመጣል። ካቶሊካዊው ሰው የራሱን ሰማዕታት እየቆጠረ የሱስንዮስን ዘመን ቢረሳ ምን ይባላል? ይህንንም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷ መልሳዋለች። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በመጋቢት 2000 በተደረገ ጸሎት፣ የቤተ ክርስቲያን ልጆች እውነትን እናገለግላለን ብለው በኀይል ስላደረጉት በደል ይቅርታ ለምነዋል። ያን ልመና ከልቡ የሚቀበል ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ በ1620ዎቹ በገዛ አገሩ የሆነውን ከዚያ ውጭ ሊያደርገው አይችልም። ደግሞም ነገሩ በይቅርታ ልመና አላበቃም። በ2015 በሊቢያ የተሠዉትን 21 ሰማዕታት፣ ከነርሱ 20ዎቹ የግብጽ ኦርቶዶክስ ልጆች ናቸው፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2023 በሮም የሰማዕታት መዝገብ እንዲጻፉ አድርገዋል። አቡነ ሰላማን የላከችው ቤተ ክርስቲያን ልጆች ዛሬ በካቶሊክ ምእመናን ዘንድ በሰማዕትነት ይታሰባሉ። በዚያው ዓመት በሊቢያ የተሠዉ ኢትዮጵያውያን ወንድሞቻችንም በልባችን አሉ። የሰማዕታት ደም አብያተ ክርስቲያናትን የሚለያይ ወሰን መሆኑ ቀርቶ የሚገናኙበት ስፍራ የመሆን ጅምር አለው።

በመጨረሻ፣ ማክበር ያለ መትጋት ባዶ ነው። በ1964 የ2ኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ድንጋጌ በአምስተኛው ምዕራፍ ቅድስና የመነኮሳትና የካህናት ብቻ ድርሻ አለመሆኑን፣ እያንዳንዱ ምእመን በያለበት ኑሮ የተጠራበት መሆኑን አስተምሯል። ገበሬው በእርሻው፣ እናት በልጆቿ አስተዳደግ፣ ዳኛው በፍርዱ፣ መምህሩ በጉባኤው ወደ ቅድስና ይተጋል። የቅዱሳን በዓል ይህን ለማስታወስ ይከበራል። ቅዱሱን በጧፍና በዕጣን አክብሮ ከጎረቤቱ ጋር በሐሰት የሚሟገት ሰው በዓሉን አላከበረም።

እኛ በትምህርት ቤት ያለን ሰዎች ከአባ ገብረ ሚካኤል የምንወስደው ትጋት ይበልጡን ግልጽ ነው። ያልገባቸውን ነገር ለመረዳት አንድ ዓይናቸው እስኪደክም አነበቡ፤ ያላወቁትን ለመጠየቅ ከገዳም ገዳም፣ ከአገር አገር ተጓዙ፤ እውነት መስሎ የታያቸውን ከተቀበሉ በኋላ ለማትረፍም ለመዳንም አልለወጡትም። የተቀበሉትን እምነት የሚጋራም የማይጋራም ተማሪ ይህን ትጋት ሊያከብርና ሊከተል ይችላል። በ2015 የተመሠረተው የባሕር ዳር ደሴ ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከት ምእመናንም፣ በዚህ ደጋ ብዙውን ቁጥር የያዙት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንም፣ በመርጡለ ማርያም ቅኔ የተማረን አንድ ሰው በየራሳቸው መንገድ የእኔ ነው ሊሉ ይችላሉ። ሁለቱም ባይዋሹ ይህ የኢትዮጵያ ታሪክ ተማሪ ሊጠብቀው የሚገባ ሀብት ነው።

ከድብ ባሕር ወደ ደባርቅ የሚወጣው ዳገት ላይ ሰው ጭነቱን ያሳርፋል እንጂ መንገዱን አይተውም። በሃይማኖት ስም የተከመረብንን ቂም እንደዚሁ አሳርፈን፣ ምስክሮቹን በእውነት እየመረመርን መንገዱን እንድንቀጥል ተስፋ አደርጋለሁ።